ያልመለስኩት እንቆቅልሽ

ውድ እማማ፣

ስልክ እንደማይወዱ አውቃለሁ። ዕድሜዎን ሙሉ በስልክ ማዞሪያ ቤት ተቀምጠው ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ ቀን «ስልክ ሥራዬ ነበር፤ ደብዳቤ ግን ዘመዴ ነው» ማለትዎን ባሌ ልጅዎ እየሳቀ ነግሮኛል። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩልዎ። እውነቱን ለመናገር ግን ሌላም ምክንያት አለኝ። ባለፈው በስልክ ስናወራ እርስዎ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ጨቅላዋ ልጄም መሀል ገብታ አለቀሰች፤ ማንም ለማንም ምንም ሳይነግር ስልኩ ተዘጋ። «እናት የሌላትን ልጅ ጥዬ ሄድኩ» ያሉት ቃል ብቻ ጆሮዬ ላይ ቀረ። እሱን ቃል ልመልስልዎ ነው የተነሳሁት።

ስፌቱ ገና ስለሚቆነጥጠኝ በጎኔ ተኝቼ ነው የምጽፈው። ፊደሌ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ። ዕድሜዬን የሰው መጋረጃ ስሰፋ ኖሬ በተራዬ ተሰፋሁ።

ከሄዱበት ቀን ልጀምር። ሴት ልጅዎና እኔ በአንድ ሰሞን ማርገዛችንን የሰሙ ዕለት መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ዝም አሉ። ዝምታው ገብቶኝ ነበር፤ አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይሆንም። የእሷ ቀን ይቀድማል ተባለ፣ የምትኖርበት ከተማም ሩቅ ነው፣ ዘመድም በአጠገቧ የለም። ሻንጣዎን በር ላይ አቁመው «ልቅር እንዴ?» ሲሉኝ «ኧረ ይሂዱ እማማ፤ እኔ ባሌም ሐኪሜም ቅርቤ ናቸው፣ እሷ ማን አላት?» አልኩ። አፌ ይሂዱ ሲል ሆዴ ይቅሩ ይል ነበር። እናቴ የሞተችው ገና ልጅ ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውን ቅሪልኝ ብሎ መለመን አልሆነልኝም፤ ለምኜ እንዳልቀረችልኝ ስለማስታውስ ይሆናል።

እርስዎ ባይኖሩ የምጥን ነገር ከማን እሰማ ነበር? መጽሐፍ አነበብኩ፤ መጽሐፉ ግን ሴት ሁሉ በአንድ ዓይነት የምታምጥ ይመስለዋል። እዚህ ሳሉ እርስዎ የራስዎ ዘዴ ነበረዎት። ሆዴ ድንጋይ በሆነ ቁጥር «እንቆቅልሽ!» ይሉኛል። «ምን አውቅልዎ» እላለሁ። ይጠይቁኛል፤ መልሼ፣ አልፌ ተርፌም ከተከራከርኩዎት «ምላስሽ እያለ ምጥ የለም። ምጥ መጀመሪያ የሚወስደው ምላስን ነው። ይልቅ ውሃ ጠጪና ጋደም በይ» ይሉኛል። እውነትም ውሃ ጠጥቼ ጋደም ስል ሆዴ ይላላል። መልሱ ሲጠፋኝ ደግሞ ደንብ ደንብ ነውና «አገር ስጪኝ» ይላሉ። አገር ከየት ላምጣ? በመጀመሪያ በረንዳውን ሰጠሁዎ። «በረንዳው ገብቼ፣ ወንበሬን ዘርግቼ፣ ፀሐዩን ለብቻዬ ሞቄ፣ አንቺን ደጅ አስጠንቼ» ብለው ተኩራሩብኝ። ከዚያ ወጥ ቤቱን ወሰዱ፣ ከዚያ ትልቁን መስኮት፣ በመጨረሻ ልጅዎ የሚተኛበትን የአልጋ ጎን። «እኔስ የት ልግባ?» ሲል «ስደተኛ ነህ፤ ፈቃድ ጠይቅ» አሉት። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ሆዴ እስኪንቀጠቀጥ ነበር የሳቅኩት።

ልጅዎ ግን ለእንቆቅልሽ ትዕግሥት የለውም። መኪና መንዳት ሲያስተምር ስለሚውል ሁሉ ነገር ሊጋጭ የደረሰ ይመስለዋል። እርስዎ «ምላሷ አለ፣ ተዋት» እያሉት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል አደረሰኝ፤ ሁለት ጊዜም ሻንጣዬን ታቅፌ ተመለስኩ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለው ተረቱበት። በሁለተኛው ጊዜ የሆስፒታሉ ጥበቃ «ዛሬም ለጉብኝት ነው?» ብሎ ሲስቅ ልጅዎ አብሮት ሳቀ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ሴት ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ የማላውቅ መሰለኝ። እናት ያላት ልጅ እንዲህ አትሳሳትም አልኩ በሆዴ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእርስዎም።

ሐኪሟ ያለችውን ያስታውሳሉ። ልጅቷ ሆዴ ውስጥ ጭንቅላቷን ወደ ላይ አድርጋ በመቀመጫዋ ቁጭ ብላለች፤ ብንጠብቃት አልዞር አለች። ቀጠሮ ተይዞ በቀዶ ጥገና ትውጣ ተባለ። «ምጡ ከቀጠሮው ከቀደመ ግን ቤት አትቆዩ» አለችን። «ሌላዋ ሴት ቤቷ ቆይታ ትመጣለች፤ አንቺ በመጀመሪያው ምልክት ነይ። የእንሽርት ውሃው ከፈሰሰ ደግሞ ተኝተሽ ነይ፤ እትብቱ ቀድሞ ሊወርድ ይችላል፣ ያኔ ልጁ ይታፈናል።» እርስዎ ይህን ሲሰሙ እጄን ጭብጥ አድርገው ያዙት። እኔም አልረሳሁትም። ግን እማማ፣ የመጀመሪያው ምልክት የትኛው ነው? ሁለት ጊዜ አየሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ የለ?

አሁን ሳስበው ምልክቱ እርስዎ በሄዱ ማግስት ነው የጀመረው። ቀሚሴን ሳጠልቅ የፊት ጠርዙ ወርዶ አየሁት። ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ይል የነበረው ቀሚስ ዙሪያውን እኩል ሆኗል። ስፌቱ ተፈትቶ ይሆናል ብዬ ገልብጬ መረመርኩት፤ ደህና ነው። ሆዴ መውረዱን ሳይሆን ቀሚሱን ጠረጠርኩ። ትንፋሼም ቀለለኝ፤ ጎሽ፣ ተሻለኝ አልኩ። በዚያው ልክ ሽንት ቤት መመላለስ በዛብኝ። ልጅ ወደ በሩ ስትጠጋ እንዲህ ነው ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን የጠጣሁት ውሃ ነው አልኩ።

በወለድኩበት ዕለት ጠዋት ደግሞ የሚዝለገለግ ፈሳሽ፣ በቀጭኑ ደም የነካው፣ አየሁ። «ያ የማሕፀን አፍ መዝጊያው ነው፤ ሲወጣ ዛሬም ሊሆን ይችላል፣ ከሳምንት በኋላም» ማለትዎ ትዝ አለኝ። ከሁለቱ ሳምንቱን መረጥኩ። ለልጅዎ ብነግረው ኖሮ ቁልፉን ይዞ ሊሮጥ ነው፤ ከዚያ ጥበቃው፣ ከዚያ ሳቁ። ዝም ብዬ ሥራ ሄድኩ።

ሥራ ቦታ ቤት ከመቀመጥ ይሻለኛል ብዬ እንደምሄድ ያውቃሉ። አለቃዬ፣ እኛ ጋሽ ሜትር የምንለው፣ ሜትሩን ከአንገቱ የማያወርደው፣ ከባድ ነገር እንዳልነካ ከልክሎኝ የአንድ ትልቅ አዳራሽ ቀይ መጋረጃ ሽንሽን አስይዞኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ሽንሽን እይዛለሁ፣ በስፒል እሰካለሁ፣ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ጀርባዬን ያመኝ ጀመር። ከወገቤ ይነሳና ወደ ዳሌዬ ይወርዳል፣ ትንሽ ይቆይና ይተወኛል። ወንበሩ ነው አልኩ። ወንበር ቀየርኩ፤ መጣ። ተነስቼ በጠረጴዛው ዙሪያ ሄድኩ፤ መጣ። ውሃ ጠጣሁ፤ መጣ። የውሸቱ ምጥ በውሃና በመጋደም ይሸሽ ነበር፤ ይህኛው ግን ምንም ባደርግ ያገኘኛል። መጀመሪያ በሁለት ሕመም መሀል አንድ ሙሉ መጋረጃ እጨርስ ነበር። ቀጥሎ ግማሹን። ከዚያ ጥቂት ሽንሽን ይዤ ስፒሉን አፌ ውስጥ እንዳደረግኩ እቆም ጀመር። ይህን ሁሉ እያየሁ እንኳ ምጥ ነው አላልኩም። ለምን ቢሉኝ፣ ምጥ በሆድ ነው የሚመጣው ብዬ ነዋ። ሆዴን እየጠበቅኩ ጀርባዬን አላዳመጥኩትም። ደግሞም ፈርቼ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ተሳስቼ ከምመለስ ታምሜ መቀመጥ ቀለለኝ።

ስልክ አልወድም እያሉ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ይደውሉልኝ የለ? በዚያ ቀንም ደወሉ።

«እንዴት ነሽ ምላሰኛዋ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ እማማ። እህቴስ?»

«እሷማ ምን ትሆናለች፤ ሶፋውን ሞልታ ተቀምጣ እኔን ታዛለች። ቀኗ አልፎም ንቅንቅ አላለች። ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ምንም። ጀርባዬን ትንሽ አሞኝ ነው። ወንበሩ አይመችም።»

«ሕመሙ ተቀምጧል ወይስ ይሄዳል ይመጣል?»

«ይሄዳል ይመጣል።»

ከዚያ «እንቆቅልሽ!» አሉኝ።

«ምን አውቅልዎ።»

«ቤቴ በር የለውም፤ ስወጣ ግድግዳ አፍርሼ ነው።»

መልሱን አውቀዋለሁ እማማ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አፌን ስከፍት ግን ያ ነገር ከወገቤ ተነስቶ ወደ ፊት ዞረና ሆዴን ጭምር ጨብጦ ያዘኝ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። ቀዩ መጋረጃ ዓይኔ ላይ ደበዘዘ። የእርስዎን እስትንፋስ እሰማለሁ፣ መልስ እንደሚጠብቁም አውቃለሁ፣ ቃል ግን የለኝም። ሲለቀኝ የመጀመሪያ ነገሬ ውሸት ነበር።

«ሃሎ እማማ፣ መስመሩ ተቋርጦ ነው።»

«መስመር ሲቋረጥ ድምፁን አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ዕድሜዬን የሰማሁት እሱን ነው። መስመሩ አልተቋረጠም። አንቺ ነሽ የተቋረጥሽው። አጠገብሽ ማን አለ?»

«እማማ፣ ሦስተኛ ጊዜ ሄጄ ይሳቁብኝ?»

«ይሳቁብሽ። ሳቅ አይገድልም። ስልኩን ለሰው ስጪ።»

ለጋሽ ሜትር ሰጠሁት። ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ያ ነጋዴ ሁሉ የሚፈራው ሰውዬ ቀጥ ብሎ ቆሞ «እሺ እመቤቴ። እሺ። በጎኗ? እሺ። አልሮጥም፣ አልዘገይምም» ሲል ብቻ ሰማሁ። ስልኩን መልሶ ሰጠኝና «ተነሺ ልጄ፤ መጋረጃ ሲቀመጥ አይበላሽም» አለ። ዕቃ ማድረሻ መኪናው ኋላ ላይ ያለቁት መጋረጃዎች ተጭነው ነበር። አራግፉት አላለም። እነሱኑ ዘርግቶ በጎኔ አስተኛኝ።

የመንገዱን ነገር እርስዎም ያውቁታል፤ አብረውኝ ነበሩና። የማያውቁት ከእኔ ወገን ያለውን ነው። ስልኩን ጆሮዬና መጋረጃው መሀል ሸጉጬዋለሁ። «አልዘጋም፣ መስመር ላይ ነኝ» አሉኝ፤ ከዚያ ብዙም አልተናገሩም። ሕመሙ ሲመጣ ያውቁ ነበር፤ እንዴት እንዳወቁ አሁንም አልገባኝም። እስትንፋስዎን ረዘም አድርገው ያስገባሉ፣ ረዘም አድርገው ያስወጣሉ። ተከተሉኝ አላሉኝም፤ እኔ ግን ተከተልኩዎ። ሲያልፍልኝ «አለፈች?» ይሉኛል። «አለፈች።» «ትሂድ። የሄደችዋ አትመለስም፤ የምትመጣው ሌላ ናት።»

ወደ ሆስፒታሉ መታጠፊያው ላይ ውሃው ፈሰሰ። ሙቅ ነበር፣ ብዙ ነበር፣ በአዳራሹ መጋረጃ ላይ። የሐኪሟ ቃል ትዝ ሲለኝ ደነገጥኩ። ልነሳ ስል «አትነሺ!» አሉኝ፤ ጮኸው የተናገሩት በዚያ ቀን እሷን አንዲት ቃል ነው። «ዳሌሽን ከፍ አድርጊ። ከሥሩ ጨርቅ ጨምሪበት። ውሃው ምን ይመስላል?» «ንጹሕ ነው።» «ልጅቷስ?» እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩ። ጠበቅኩ። እርስዎም ጠበቁ። ያን ያህል የፈራሁበት ጊዜ በሕይወቴ የለም። በእኔ እፍረት ምክንያት ልትሞትብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ከጎድኔ ሥር ረገጠችኝ። «ረገጠችኝ» አልኩ። እርስዎ መልስ አልሰጡኝም። ያኔ የተቋረጡት እርስዎ ነበሩ፤ እኔም ድምፁን አወቅኩት።

ጋሽ ሜትር በመስታወቱ እያየኝ «መጋረጃው...» ብዬ ስጀምር «ይታጠባል» አለኝ። ሳምንት ሙሉ የለፋሁበት ሽንሽን ነበር፤ እሱም በዓመት አንዴ የሚያገኘው ትልቅ ሥራ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ልጅዎ እንዴት እንደመጣ ለብቻው ካልተነገረ ይቀራል። ከሥራ ቦታዬ ሰዎች የደወሉለት ትምህርት ላይ ሳለ ነው፤ መሪውን የያዙት አንዲት ወፍራም የሱቅ ባለቤት ናቸው፣ ከሁለተኛ ማርሽ አልፈው የማያውቁ። ቦታ ለመቀያየር ጊዜ ስለሌለ «ይንዱ!» አላቸው። እኔን በአልጋ ሲያስገቡኝ ጣሪያው ላይ «ለማጅ» የተጻፈበት መኪና በሆስፒታሉ በር እየዘለለ ገባና ጥበቃው እግር ሥር ቆመ። ሴትየዋ ላባቸውን እየጠረጉ «ፈተናውን አልፌያለሁ በለኝ» ይሉታል። ያ ጥበቃ ግን በዚያ ቀን አልሳቀም። አልጋዬን ከፊት ሆኖ ሲገፋ የነበረው እሱ ነው።

አዋላጇ መርምራኝ ፊቷ ተለወጠ፤ «ብዙ ሄዷል፤ ቀዶ ጥገና ክፍሉን አዘጋጁ» አለች። ሁሉም ሰው መራመድ ትቶ መሮጥ ጀመረ። የክፍሉ በር ላይ ስልኩን ከጆሮዬ ለመውሰድ እጇን ዘረጋች፤ እኔ ጭብጥ አድርጌ ያዝኩት። ጎንበስ ብላ በለሰለሰ ድምፅ «ስልኩ ላይ ያሉት እናትሽ ናቸው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ይህን እርስዎ አልሰሙትም፤ ስልኩ ያኔ በጭብጤ ታፍኖ ነበር። በስልክ ልነግርዎ ያልቻልኩትም ይኼ ነው። ሲጨንቀኝ አፌ ላይ የመጣልኝ አይደለም፤ አስቤ ነው ያልኩት። እናት ማለት ምን እንደሆነ ከረሳሁ ብዙ ዓመቴ ነው፤ በዚያች መኪና ውስጥ ግን አወቅኩት። ሩቅ ከተማ ተቀምጣ ዝምታሽን ሰምታ የምትደነግጥልሽ ሰው ናት። ስለዚህ «እናት የሌላትን ልጅ ጥዬ ሄድኩ» አይበሉ። እናት ያላት ልጅ ናት የወለደችው።

ወገቤን ወግተው ከታች አደነዘዙኝ፤ በሐኪሞቹና በእኔ መሀል ጨርቅ ጋረዱ። ስፌቱ የተዛነፈ መጋረጃ ነበር፤ እሱን እያየሁ ሳለ ልጄ አለቀሰች። ሐኪሟ፣ ልጅቷ መቀመጫዋን አስቀድማ እንደወጣች ነገረችኝና «በሰዓቱ መጣሽ» አለችኝ። ቤት ውዬ ልጅዎ ከሥራ እስኪመለስ ብጠብቅ ምን ይሆን እንደነበር ጠየቅኳት። አሁን ይህን ማሰብ ምን ያደርግልሻል ብላ ግንባሬን ነካችኝ። መልሱ ገባኝ።

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንዳይሉኝ እንጂ ለእህቴ አንድ መልእክት አለኝ። ሆዷን ብቻ አትጠብቅ፤ ጀርባም ይናገራል ይበሏት። ውሃ ጠጥታ፣ ጋደም ብላ፣ ተነስታ ሄዳ የማይተዋት፣ እየቆየ የሚበረታና የሚቀራረብ ከሆነ ወንበሩን አትውቀስ። ውሃው እስኪፈስም አትጠብቅ፤ ለእኔ የፈሰሰው መጨረሻ ላይ ነው። ልጁ መርገጡን ከቀነሰ ደግሞ ምጥም ባይኖር ትሂድ። ተሳስታ ብትመለስ ደግማ ትሂድ። ሁለት ጊዜ ብትሳሳት ሦስተኛ ትሂድ። የሚስቅ ካለ ወደ እኔ ይላኩት።

እርስዎም ከእሷ አይነሱ። እስክትወልድ፣ እስክትጠና አጠገቧ ይሁኑ። አሁን ይቅሩ ስል አፌም ሆዴም አንድ ነው። ከዚያ ግን ይምጡልኝ። ይኸው ለመንኩ፤ መለመንም አይገድልም ለካ።

ልጅቷን ልንገርዎ። አፍንጫዋ የልጅዎ ነው፣ ምስኪን። እግሮቿን አሁንም ወደ ላይ አጥፋ ነው የምትተኛው፤ ሆዴ ውስጥ እንደተቀመጠችው። ጋሽ ሜትር ሊጠይቀኝ መጥቶ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ለካት፤ ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቆኝ ዓይኑን ጠረገ። መጋረጃው ታጥቦ ተሰቅሏል ብሎኛል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶናል። ያን ቀን የጠየቁኝን እንቆቅልሽ አልመለስኩም። መልሱ ጫጩት ነው። የኛዋም ግድግዳ አፍርሳ ነው የወጣችው፤ ጎበዝ ጠያቂ ነዎት። ግን በሰዓቱ አልተመለሰም፣ እርስዎ ደግሞ በጨዋታው ደንብ ቀልድ አያውቁም። አገር ስጪኝ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቤቱን ዞሬ ዞሬ አየሁት፤ በረንዳውም፣ ወጥ ቤቱም፣ መስኮቱም የእርስዎ ነው፤ የቀረኝ የለም ልል ነበር። ለካ አንድ አዲስ አገር አለኝ። ትንሽ ናት፣ በአንድ ክንድ ትታቀፋለች። ልጅዎ ስም እናውጣላት ሲለኝ አገሩን የተቀበለ ነው ስም የሚያወጣው ብዬ አስቁሜዋለሁ።

ይኸው፣ ሰጠሁዎ። መጥተው ይግቡባት።

ምላሰኛዋ ልጅዎ